ባዕድ ማን ነው?

በ2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጋ በሀገራችን ቤት እንዲኖረው የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። «ሀገር ለባዕድ ተሸጠች» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ሙስሊሞች ግን ከመጮኻችን በፊት ቆም ብለን ልናስብ ይገባል፤ «ባዕድ» መባልን እናውቀዋለንና።

በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። የጀበርቲ ነጋዴዎች በሊማሊሞ ገደል እየወረዱ እስከ ምጽዋ ይነግዱ ነበር። በደባርቅ በኩል የሚያልፈው መንገድ የእነርሱ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር ያለው ርስት ግን የእነርሱ አልነበረም። ይህ ሥርዓት በሕግ የፈረሰው በ1967 የመሬት አዋጅ ነው።

ታዲያ እንግዳውን በዘሩ ወይም በፓስፖርቱ ልንገፋው እንችላለን?

በሌላ በኩል ሹፍዓ የሚባል መብት አለ። የጋራ ንብረት ሲሸጥ ተጋሪው ቅድሚያ ያገኛል፤ ሐነፊዮች ይህን ለጎረቤትም ይሰጡታል። ነገር ግን ጎረቤቱ እንግዳው የሰጠውን ዋጋ መክፈል አለበት። በብር የሚኖር ሰው ከዶላር ጋር እንዴት ይወዳደራል? እዚህ ላይ መብቱ ስሙ ብቻ ይቀራል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የእንግዳው አይደለም። የጎረቤቱን በር ሳያንኳኳ የተዋዋለው ሻጭ ግን ምን ይመልሳል?