የመሸበት መንገደኛና የወንበር ዋጋ



በአንድ የነሐሴ ምሽት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ በአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ በሚጠበቅበት ስፍራ ከተሰለፉት ጋር ቆመን ነበር። ሰልፉ እየረዘመ ይሄዳል፤ መኪና ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይመጣል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አንድ ሚኒባስ ከሰልፉ ራቅ ብሎ ቆመና ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ «ሱሉልታ በዕጥፍ! የተስማማ ይግባ!» ሲል ተጣራ። ሥርዓት ይዞ የቆየው ሰልፍ በአንድ አፍታ ፈረሰ። ከፊታችን ልጇን ያዘለች አንዲት እናት ነበረች። በመዳፏ ጨብጣ የያዘችው የቀኑን ታሪፍ ብቻ ነው። ዞር ብላ አየችንና፣ «አባቴ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ይመሽብዎታል» ብላ ፈቀቅ አለችልን። እኛም ዕጥፉን ከፍለን ገባን። መኪናው የእንጦጦን ዳገት ሲያያዘው «ተመስገን» አልን። ጥቂት እንደ ሄድን ግን ያ ምስጋና በአፋችን መረረ፤ ያመሰገንነው ተራው የእርሷ በሆነ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነበርና።

ከዚያ ምሽት ወዲህ አንድ ጥያቄ ከልባችን አልወጣም። ይኸውም፦ የመሸበት መንገደኛ ተስማምቶ የከፈለው ዕጥፍ ዋጋ ፍትሓዊ ዋጋ ነውን? ማንም በጉልበት አልወሰደበትም፤ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮታል፤ እርሱም እሺ ብሎ ገብቷል። ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው? በደል ከሌለስ ልባችን ስለ ምን ይወቅሰናል? ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ምእመናን ጠዋትና ማታ የሚጋፈጡት ፈተና ስለ ሆነ በጥሞና ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት እንመልከት። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በአዲሱ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚሁ ከተሞች በሚገኙ ፋብሪካዎች ተቀጥሮ የሚኖር ሰው ጥቂት ባይሆንም፣ ሌላው ብዙው የቤት ኪራይ ከዋና ከተማው ገፍቶ ያወጣው፣ እንጀራው ግን እዚያው የቀረበት ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ መርካቶ፣ ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ ፒያሳ ይሄዳል፤ ሲመሽ በአየር ጤና፣ በአስኮ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል ይመለሳል። አንበሳ አውቶቡስ ከዚህ ሕዝብ የተወሰነውን ያደርሳል፤ ሰልፉን ግን አይጨርሰውም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍኑ ሁለት መስመሮች ይዞ ሲከፈት፣ በምዕራብ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃ ነበር። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ደግሞ የመስመሩ መነሻ ራሷ ሰበታ ናት፤ ይሁን እንጂ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር የሚደርሰው ያ ሐዲድ ለሰበታ ሠራተኛ የማታ መመለሻ እንዲሆን የተዘረጋ አይደለም። እንግዲህ ከመሸ በኋላ የብዙው ሰው ተስፋ ሚኒባሱ ብቻ ነው።

ሾፌሩንና ረዳቱን ለመኰነን ግን አንቸኩል። ሾፌሩ ለመኪናው ባለቤት በየዕለቱ የሚያስገባው ገቢ አለበት። ነዳጅ ይገዛል፤ ለተራ አስከባሪ ይከፍላል፤ ጎማና ፍሬን ያልቅበታል። በተለይ በማታ መንገደኛውን ሱሉልታ ወይም ሰበታ አድርሶ ሲመለስ፣ ወደ ከተማው የሚሳፈር ሰው ስለማያገኝ ባዶውን ይነዳል። ረዳቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የራሱ ቤት የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ የሚውል ወጣት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «ክፉው ማን ነው?» የሚል ሳይሆን «ከዚህ ዋጋ ውስጥ የሾፌሩ የሆነው የትኛው ነው? ያልሆነውስ የትኛው ነው?» የሚል መሆን አለበት።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ፣ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተሰኘው ታላቅ መጽሐፉ ስለ መሸጥና መግዛት ሲያስተምር ይህንኑ የሚመስል ነገር አንሥቶ ነበር። አሳቡን በራሳችን ቃል ስናቀርበው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ዕቃውን ሲሸጥ ራሱ የሚጎዳ ከሆነ፣ ጉዳቱን በዋጋው ላይ ቢጨምር በደል የለበትም፤ የሚያስከፍለው የራሱን ነውና። ገዢው እጅግ ስለ ቸገረው ብቻ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ግን በደል ይሆናል። ምክንያቱም ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ አይደለም፤ ሰው ደግሞ የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይገባውም።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ አዲሱ ገበያ እንመለስ። ሾፌሩ ባዶውን የሚመለስበት መንገድ የራሱ ኪሳራ ነው፤ ቢያስከፍለው አንወቅሰውም። ዝናቡ፣ ጨለማው፣ በጀርባ ላይ የሚያለቅሰው ሕፃን ግን የእርሱ ኪሳራ አይደሉም። እነዚህ የእናቲቱ ችግሮች ናቸው። ታሪፉ በዝናብ ጊዜ ከፍ፣ ዝናቡ ሲያባራ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ የሚሸጠው ወንበሩ ብቻ ሳይሆን የመንገደኛው ጭንቀትም ነው ማለት ነው። አንዱን መንገድ ለሁለት ከፍሎ በየምዕራፉ አዲስ ሂሳብ መጠየቅ፣ ማለትም መንገድ ማቆራረጥ የምንለው፣ ከዚሁ ወገን ነው፤ መንገዱ አልረዘመም፤ የረዘመው የተሳፋሪው መቸገር ነው።

ልዩነቱን የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ የሕዝብ ማመላለሻዎች ከሚይዙት ሰው ግማሹን ብቻ እንዲጭኑ ታዘዘ፤ በምትኩም ታሪፉ ከፍ እንዲል ተፈቀደ። ተሳፋሪው ያኔ የከፈለው ስለ ራሱ ወንበርና ከጎኑ ባዶ ስለ ቀረው ወንበር ነበር። ባዶው ወንበር የሾፌሩ እውነተኛ ኪሳራ ስለ ሆነ ጭማሪው ምክንያት ነበረው። ነገር ግን ጭማሪውን ተቀብሎ ወንበሩንም ሞልቶ የሄደ ቢኖር፣ ያልከሰረውን አስከፍሏል።

«ነገር ግን ተሳፋሪው ተስማምቷል» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። ለዚህ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1883 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1891) «ሬሩም ኖቫሩም» በተሰኘው መልእክታቸው ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ያስተማሩት ይረዳናል። ሠራተኛ ከችግር ብዛት ወይም የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ የማይገባውን ውል ቢቀበል፣ እሺ ማለቱ ውሉን ፍትሓዊ አያደርገውም፤ የግፍ ተጠቂ ነው። እሺታ ነፃ የሚሆነው እምቢታም ሲቻል ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ልጅ አዝላ በዝናብ የቆመች ሴት እምቢ ብትል የት ታድራለች? እንግዲህ «የተስማማ ይግባ» የሚለው ቃል ምርጫ የሚሰጥ ይመስላል እንጂ፣ ለእርሷ ምርጫ አልነበረም።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልናልፈውም አይገባም። «ዋጋው ባይጨምር በማታ የሚመጣ መኪና አይኖርም ነበር፤ ሁሉም በመንገድ ከሚቀር ጥቂቶቹ ቢገቡ አይሻልምን?» ይባላል። ይህ አሳብ እውነት አለው። የማታ ሥራ የራሱ ድካምና ወጪ ስላለው፣ ይህን የሚሸፍን፣ አስቀድሞ የታወቀና ለሁሉም እኩል የሆነ የማታ ታሪፍ ቢደነገግ መኪና ይስባል፤ ድኻውም አውቆት ይዘጋጃል። በዚያ ምሽት የሆነው ግን ይህ አልነበረም። መኪናው መጥቶ ቆሟል፤ ዋጋው የተቆረጠው የሰልፉ ርዝመት ከታየ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ጭማሪ መኪና አላመጣም፤ የመጣውን መኪና ከድኻው ወስዶ ለተሻለው ሰጠ እንጂ። ከዚህም የተነሣ መንገድን የሚያስተዳድሩ ሁሉ፣ በአዲስ አበባም በዙሪያዋም ያሉት፣ ኃላፊነታቸው በቅጣት ብቻ አይፈጸምም። ሠራተኛ በከተማው ዳር የሚያድር ከሆነ፣ በማታ የሚያደርሰው በቂ አውቶቡስም የፍትሕ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነውና። ስለ ረዳቱ ብዙ ተናገርን። ሰልፉን ያፈረሰው ግን የረዳቱ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ የእኛ እግር ነበር። ማንም ከቦታው ባይነቃነቅ ኖሮ መኪናው ወደ ሰልፉ ራስ ለመምጣት በተገደደ ነበር። ዕጥፉን ለመክፈል አቅም ያለን ሰዎች ገንዘባችንን ስናወጣ፣ አቅም ለሌለው ዋጋ እንቆርጥበታለን። «የከፈልኩት ከኪሴ ነው» ብንል እውነት ነው፤ የገዛነው ግን የሌላውን ተራ ነው። ሰልፍ እኮ ድኻውና ባለጸጋው በአንድ ሚዛን የሚቆሙበት፣ ዕድሜና ሕመም ብቻ የሚቀድሙበት ሥርዓት ነው። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በሚገኝባት በሰበታ፣ በትር የያዘ ዓይነ ስውር ሲመጣ ሰልፈኛው ማንም ሳያዘው ከፊት ቢያስቀድመው፣ ሰልፉ ፈረሰ አይባልም፤ ተፈጸመ ይባላል እንጂ። አንዱ ለደካማ ሲባል ቦታ ይለቅቃል፤ ሌላው ከደካማ ቦታ ይወስዳል። ሁለቱም ከሰልፍ መውጣት ቢመስሉም ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ስለ ስርቆት ስታስተምሩ፣ ልጆች «እኛ አልሰረቅንም» ብለው በቀላሉ እንዳያልፉ ይህን ምሳሌ ጨምሩላቸው። ለሾፌርና ለረዳት፦ «ያስከፈልከው የከሰርከውን ነው ወይስ የቸገረውን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለተሳፋሪ፦ «የገባህበት ወንበር ተራው የማን ነበር?» በሉት። ረዳቱ ተሳስቶ መልስ ሲያበዛልን ዝም ብለን መውረዳችንም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም፤ ሚዛኑ ለሁላችንም አንድ ነውና።

እኛስ በዚያ ምሽት ምን ማድረግ ይቻለን ነበር? ሦስት ነገር ይቻለን ነበር። ከቦታችን ባንነቃነቅና ጎረቤቶቻችንንም «በተራችን እንሂድ» ብንል ይቻል ነበር። ይህ ባይሳካ፣ የጎደላትን ሞልተን እርሷን ማስገባትና እኛ የሚቀጥለውን መጠበቅ ይቻል ነበር። ቢያንስ ቢያንስ «አይሆንም፣ እናቴ፤ ተራው የእርስዎ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀረ። በደሉን የፈጸምነውም በክፋት ሳይሆን በችኰላ ነበር፤ በመንገድ ላይ የሚፈጸም አብዛኛው በደልም እንዲሁ ነው።

ያቺ እናት ግን በዚያው ስፍራ፣ ትምህርት ቤት ሳንሄድ ልንማረው የሚገባንን አስተምራናለች። ከሁላችን ይልቅ የመሸባት እርሷ ሆና ሳለች፣ የታያት የእኛ መምሸት ነበር። አሁን በአዲሱ ገበያ ባለፍን ቁጥር ዓይናችን በሰልፉ ውስጥ እርሷን ይፈልጋል። ባናገኛትም፣ ከፊታችን የቆመው ሰው ተራ የእርሱ መሆኑን እያሰብን እንቆማለን።