የተጫዋቹ ቦታ የማን ነው?

ለአንድ ሰው የሥራውን ቦታ ሊወስንለት የሚገባው ማን ነው? ራሱ ነውን፤ አለቃው ነውን፤ ወይስ የተወለደበት ወገንና ያደገበት መንደር? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። አፍላጦን ስለ መንግሥት በጻፈው መጽሐፍ፥ እያንዳንዱ ሰው ተፈጥሮው የተስማማውን አንድ ሥራ ይዞ የሌላውን ባይነካ ከተማይቱ ፍትሕ አገኘች ማለት ነው ብሎ አስተምሯል። ነገሩ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የማን ተፈጥሮ ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማ የሚለዩት ገዥዎቹ ናቸውና፥ መርማሪው ሳይመረምር ቢፈርድ የተፈረደበት ሰው ወዴት አቤት ይላል? በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ምሳሌያችንን የምናመጣው ከአሜሪካን አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኳስ ጨዋታ ነው። ስለ ግብረ ገብ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ የኳስ ነገር መነሣቱ ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል መስሎ ይታየው ይሆናል። ይሁን እንጂ በቢሮ ወይም በንግድ ቤት የሰው ሥራ ከብዙ ነገር ጋር ተደባልቆ ስለሚገኝ፥ የማን ብርታት ምን እንዳስገኘ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በጨዋታ ሜዳ ግን ሰውየው የቆመበት ቦታ ይታወቃል፤ የሠራውም ብዙ ሺሕ ሕዝብ እያየው ይቈጠራል፤ ይጻፋል። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ጨዋታው በስሙ ፉትቦል ይባል እንጂ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር የሚያመሳስለው ጥቂት ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ይያዛል፥ በእጅ ይወረወራል። በአንድ ጊዜ ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ኳስ ይዘው የሚያጠቁትና የሚከላከሉት ግን ልዩ ልዩ ሰዎች ስለሆኑ አንድ ቡድን 22 ዋና ተሰላፊዎች አሉት ማለት ነው። ለእያንዳንዱም ቦታ የተለየ አካል ይፈለጋል። ከፊት መሥመር ቆመው የሚገፉት እንደ ግንብ የከበዱ ናቸው፤ ከዳር ሮጠው ኳስ የሚቀበሉት ፈጣኖች ናቸው፤ ከመካከል ቆሞ የጨዋታውን ዕቅድ ለጓደኞቹ የሚነግረውና ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይባላል። ይህ ሰው በሜዳው ላይ የቡድኑ አዛዥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ተማሪዎቹ የሚመጡት ከልዩ ልዩ ኑሮ ነው። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ሌላው አባቱ የቆሻሻ መኪና እየነዳ ያሳደገው ነው። ለብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲው በር የሚያደርሳቸው በኳስ የሚገኘው የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሆን፥ እስከ 2024 የጨዋታ ወቅት ድረስ በከፍተኛው ደረጃ የሚጫወት አንድ ዩኒቨርሲቲ ይህን ዕድል ለ85 ተጫዋቾች መስጠት ይፈቀድለት ነበር። ሰማንያ አምስት ሰው ለ22 ቦታ ሲሻማ የቀረው ተራ ጠባቂ ነው። በዚህም ላይ ከ1973 ጀምሮ ለብዙ ዘመን ዕድሉ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ብቻ ሆኖ በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ ለብዙ ዓመት መስጠት እንደ ገና የተፈቀደው በ2012 ነው። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ልሂድ የሚል ተማሪም በ2021 ደንቡ እስኪላላ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጫወት መቀመጥ ነበረበት። እንግዲህ አሠልጣኙ «ከነገ ጀምሮ ቦታህ ይህ ነው» ሲለው «እሺ» የሚል ወጣት፥ እሺታው ምን ያህል የራሱ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ማዛወር ሁሉ በደል ነው ብሎ መደምደም ግን ትክክል አይሆንም። ከላይ የቆሻሻ መኪና ነጂ ልጅ ያልነው ሪቻርድ ሸርማን በካሊፎርንያ ኮምፕተን በምትባል ከተማ ያደገ ሲሆን፥ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኳስ ተቀባይ ሆኖ ጀመረ። በ2008 ጉልበቱ ከተጐዳ በኋላ ወደ መከላከያ ተዛውሮ፥ ቀድሞ እርሱ ይሠራው የነበረውን ተቀባዮች እንዳይሠሩ የሚከለክል ሆነ። በ2011 ወደ ባለሙያዎቹ ቡድን ሲመረጥ 153 ሰዎች ቀድመውት ነበር፤ በ2013 የጨዋታ ወቅት ግን ከተቃራኒ ወገን ኳስ በመንጠቅ ከማኅበሩ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ተቀባይ የነበረ ሰው የተቀባይን ሐሳብ አስቀድሞ ያውቃልና፥ የቀድሞው ቦታ ለአዲሱ ስንቅ ሆነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኛው ልጅ የጄ ጄ ዋት ታሪክ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነው። ዋት በ2007 በሴንትራል ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከመሥመሩ ጫፍ ቆሞ አንድም የሚገፋ አንድም ኳስ የሚቀበል ተጫዋች ነበረ፤ በዓመቱ ውስጥ የተቀበላቸው ኳሶች 8 ብቻ ናቸው። አሠልጣኞቹ ወደ ከባዶቹ ገፊዎች መሥመር እንዲገባ ቢያስቡለት አልተቀበለም። የነፃ ትምህርት ዕድሉን ትቶ ወደ ተወለደበት ወደ ዊስኮንሲን ተመለሰ፤ ፒዛ ለየቤቱ እያደረሰ ገንዘብ ካገኘ በኋላም የአገሩ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ ያለ ምንም ድጎማ ገባ። እዚያም የቆመው በመከላከያው መሥመር ጫፍ ነው። ይህን ለውጥ ተቀበለ፤ ያንን ግን አልተቀበለም ነበር። በ2011 ከመላው አገር 11ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ በ2012፥ በ2014 እና በ2015 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ልብ ብለን እንይ፤ ሰውየው ለውጥን የሚጠላ አልነበረም። የጠላው ሌላ ሰው ብቻውን አስቦ የቈረጠለትን ለውጥ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለውጡ ከሥራ አልፎ ሥጋን ይነካል። ሌን ጆንሰን የተባለው የቴክሳስ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በመጀመሪያው ኮሌጁ ኳርተርባክ ነበረ። ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ከጫፍ ተቀባይነት ወደ መከላከያ፥ ከመከላከያም ወደ ከባዶቹ ገፊዎች ተዛወረ። በ2013 አራተኛ ሆኖ ሲመረጥ ክብደቱ 137 ኪሎ ያህል ነበር። አዛዥ የነበረው ልጅ የአዛዡን ጀርባ የሚጠብቅ ግንብ ሆነ። ደመወዙም ዝናውም መልካም ሆኖለታል። ቢሆንም ለአንድ ቦታ ሲባል የሰው ገላ እንደዚህ መለወጡን ስናይ፥ ውሳኔው ከተራ የሥራ ድልድል ከፍ ያለ መሆኑን መዘንጋት የለብንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። በ1970 ሎይና ማክኤልቮግ የተባሉ ሁለት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት የአሜሪካን አገር ባለሙያ ተጫዋቾች በቆዳ ቀለማቸው እንዴት እንደ ተደለደሉ መርምረው ነበር። ያገኙትም፥ ከመካከል ሆነው ጨዋታውን የሚያስተባብሩባቸው ቦታዎች በአብዛኛው በነጮች መያዛቸውንና ጥቁሮቹ ወደ ዳር ቦታዎች መገፋታቸውን ነው። በየኮሌጁ ኳርተርባክ የነበረ ጥቁር ልጅ ወደ ባለሙያዎች ሲያልፍ «አንተ ፈጣን ነህ» እየተባለ ወደ ተቀባይነት ወይም ወደ መከላከያ ይላክ ነበር። ምስጋናው ራሱ መባረሪያው ነበር ማለት ነው። ፈጣን ነህ የሚለው ቃል «ማሰብና ማዘዝ ግን አይሆንልህም» የሚለውን በሆዱ ይዟልና።

ማርሊን ብሪስኮ በነብራስካ ኦማሃ ከተማ ያደገና በዚያው በኦማሃ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሆኖ ስሙ የተነሣ ወጣት ነበረ። በ1968 የዴንቨር ቡድን በ14ኛው ዙር ሲመርጠው ያሰበለት ቦታ ግን መከላከያ ነው። ብሪስኮ ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ለመነ፤ እንዲያውም ለመነ ከማለት ተዋዋለ ማለት ይሻላል። ሦስት ቀን ብቻ በኳርተርባክነት እንዲሞክሩት ጠየቀ። ሦስቱን ቀን አገኘ፤ ከዚያም ወደ መከላከያ ተላከ። በዚያው ዓመት የቡድኑ ወርዋሪዎች በጉዳትና በድካም ሲጠፉ ግን ተጠራ፤ በጥቅምት ወር በዘመናዊው የባለሙያዎች ጨዋታ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በኳርተርባክነት የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በዚያ በከፊል ዓመት ለጎል የበቁ 14 ኳሶች ወረወረ። በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ልሰናበት ብሎ ወጣና ቡፋሎ ሄደ፤ ተቀባይ ሆነ፤ በ1970 ከ1,000 ያርድ በላይ የሚያስኬዱ 57 ኳሶች ተቀብሎ ከምርጦቹ ተቈጠረ። በኋላም በ1972 አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዋንጫ ከወሰደው የማያሚ ቡድን ጋር ነበረ።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ብዙ ሰውም ያምንበታል። «እንግዲህ ምን ጎደለበት? ቢዛወር ተጠቀመ እንጂ አልተጐዳም፤ ቦታው ያ እንደ ነበረ ሥራው ራሱ መሰከረ» ይላሉ። ያልተያዘ ግልግል ያውቃል እንዲሉ፥ ይህን መናገር ከመቀመጫ ላይ ቀላል ነው። እኛ ግን ክርክሩ በሁለት በኩል የተበላሸ ይመስለናል።

አንደኛ፥ መዝገብ የተሠራውን ይቈጥራል እንጂ እንዳይሠራ የተከለከለውን አይቈጥርም። ብሪስኮ በ1970 የተቀበላቸው ኳሶች ተጽፈዋል፤ በ1969 ሊወረውራቸው ይችል የነበሩት ግን የሚጻፉበት ዓምድ የለም። አንዱ ወገን ብቻ በተጻፈበት ሒሳብ ትርፍና ኪሳራን ማመዛዘን የማይሆን ነገር ነው። ሁለተኛ፥ መልካሙን ፍሬ ያፈራው ሰውየው እንጂ ያዛወረው አይደለም። ብርቱ ሰው በተጣለበት ስፍራ ሥር ሊሰድ ይችላል፤ ይህም የሚመሰክረው ለብርታቱ ነው፤ ለጣለው ሰው ዕውቀት ምስክር አይሆንም። በዚያውም ላይ የዋትን ነገር ገልብጠን ብናየው፥ በዊስኮንሲን ሳይሳካለት ቢቀር ኖሮ ውሳኔው በደል ይሆን ነበር ወይ? አይሆንም፤ በፈቃዱ ገብቶበታልና። ስለዚህ የማዛወር ቅንነት የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በነበረው ነገር ነው፤ ከዓመታት በኋላ በሚገኘው ዋንጫ አይደለም።

አሠልጣኙስ ምን ያድርግ? የ85ቱን ምኞት ሁሉ ልሙላ ቢል ቡድን የሚባል ነገር አይኖርም፤ በማይችለው ቦታ ካልቆምሁ የሚል አንድ ሰው የብዙዎችን ድካም ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን «ዛሬ በዚህ ቦታ አትሰለፍም» በማለትና «አንተ ለዚህ ቦታ አልተፈጠርህም» በማለት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ስለ ሥራ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ አሠልጣኝ የተሾመበትም ይኸው ነው፤ ነገ በሌላ ማስረጃ ሊሻር ይችላል። ሁለተኛው ስለ ተፈጥሮ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ይግባኝም የለውም። የብሪስኮን ዘመን ልጆች የገጠማቸው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ቃል ለመናገር ሰውየውን በሥራው ላይ ማየት የግድ ሲሆን፥ ሁለተኛውን ለመናገር የትውልዱን ወረቀት ማየት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆኑ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ብሎ የሚጀምረውን ደብዳቤ ያውቁታል። ደብዳቤው እውነት የሚሆነው ጻፊው የተዛወረውን ሰው ሥራ አገላብጦ ካየ በኋላ ነው፤ ምክንያቱንም ፊት ለፊት ሊነግረው የሚችል ከሆነ ነው።

እምቢ ማለትም ዋጋ አለው። ዋረን ሙን ቦታህን ለውጥ የሚሉትን ዩኒቨርሲቲዎች ትቶ በሎስ አንጀለስ ወደ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያም ወደ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ አለፈ። በ1978 በሮዝ ቦውል ጨዋታ ሚሺጋንን 27 ለ 20 ሲያሸንፉ የዕለቱ ምርጥ እርሱ ነበረ። ሆኖም በዚያው ዓመት ከባለሙያ ቡድኖች አንዱም አልመረጠውም። ካናዳ ተሰድዶ ከኤድመንተን ቡድን ጋር በተከታታይ አምስት ዋንጫ ካነሣ በኋላ በ1984 በኳርተርባክነቱ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2006 ስሙ በክብር መዝገብ ተጻፈ። ቶኒ ደንጂ ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበረ፤ እርሱም በ1977 ሳይመረጥ ቀረና ፒትስበርግ ወደ መከላከያ ሲያዛውረው ተቀበለ። በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ በ2007 ታላቁን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ለመሆን በቃ። ሙን ልክ ነበረ ደንጂ ተሳሳተ፥ ወይም ደንጂ ብልህ ነበረ ሙን ግትር ነበረ አንልም። ሁለቱም ሊጠየቁት ለማይገባ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተገደዱ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄው ከእነርሱም በኋላ አልተቋረጠም። የፍሎሪዳው ልጅ ላማር ጃክሰን የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ሆኖ በ2016 የኮሌጅ ተጫዋቾችን ታላቅ ሽልማት የሃይስማንን ዋንጫ ተቀብሎ ነበር። በ2018 የባለሙያዎች ምርጫ ሲቃረብ ግን ወደ ተቀባይነት ቢዛወር ይሻለዋል የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ጃክሰን በዚያ ሰሞን ፍጥነቱ በሰዓት እንዲለካ አልፈቀደም፤ ፍጥነቱ ምን ላይ እንደሚውል ያውቅ ነበርና። ሰላሳ አንድ ሰዎች ከተጠሩ በኋላ ባልቲሞር ወሰደው፤ በኳርተርባክነትም በ2019 ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በ2023ም ደገመው። ተቀባይ ይሁን ካሉት ሰዎች አንዱ፥ በሙያው ረጅም ዘመን የቆዩት ቢል ፖሊያን፥ በ2019 ተሳስቼ ነበር ብለው በግልጽ ተናገሩ። በዚያን ጊዜ ማርሊን ብሪስኮ በሕይወት ነበረ፤ ዕድሜውም 74 ዓመት ሆኖት ነበር።