ሳልቪያው ሲጠወልግ

ልጄ፣ ከችግኝ ጣቢያ ያመጣሽው ሳልቪያ ሐምሌ ላይ ቅጠሉን ጥሎ ቢያጎነብስ ውኃ ይዘሽ አትሩጪ። መጀመሪያ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ክተቺ። ርጥብ ከሆነ የጎዳው ጥም አይደለም፤ ሥሩ እየበሰበሰ ነው። የበሰበሰ ሥር ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ የተጠማ ይመስላል፤ ባለቤቱም አዝኖ ይጨምርለትና ይገድለዋል። በእኛ አገር ከተባይ ይልቅ ሳልቪያን የሚፈጀው ይኸው ርኅራኄ ነው።

ደብረ ታቦር ክረምቱ አይለቅም፤ ግቢሽ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ውኃውን አቁሮ ይከርማል። የጥብስ ቅጠልን አስቢ፤ የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 ከሳልቪያ ወገን የመደቡት ዘመዱ ነው። እሱን ረግረግ ላይ የሚተክል አላየሁም። ለሳልቪያውም ከፍ ያለ መደብ ሥሪለት፣ አሸዋና የበሰለ ብስባሽ ቀላቅይበት፣ ቦይ አውጪለት። ችግኝ በሐምሌ ነው ቢሉሽ፣ እሱ ለባሕር ዛፍ ይሁን፤ አንቺ መስከረም ዝናቡ ሲሳሳ ትከይ። ትኩስ ፋንድያ አታብዢ፤ ቅጠሉ ይንዠረገግና አበባው ይቀራል። (ጎረቤት ግን “እንዴት ተስማማው!” እያለ ያደንቅልሻል።) የባሕር ዛፍ ጥላ ሥርም አታስጠጊው።

በበጋ ቀትር ላይ አጎንብሶ ሲመሽ ከተነሣ ተዪው። ማለዳም ካልተነሣና አፈሩ ከደረቀ፣ ያኔ አንድ ጊዜ አጥግበሽ አጠጪው።

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው መጠውለግ ሌላ ነው። የጉና ተራራ ቁር በሌሊት ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚያገኘው የድንጋይ ግድግዳ ጥግ ይሻላል። ከብራዚል የመጣው ቀዩ ሳልቪያ ውርጭ ከመታው አይተርፍም፤ ዘሩን አስቀድመሽ ልቀሚ። የሜክሲኮው ሐምራዊ ግን ላዩ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የተቃጠለው ለሥሩ ልብስ ስለሆነ የካቲት ሳይገባ እንዳትቆርጪው።

ክሽክሽ ቢወረው በሳሙና ውኃ እጠቢው። አመዳይ የሚሉት ሻጋታ ቅጠሉን ካነጣው ተጨናንቋልና አራርቂው። የተባይ መድኃኒት አበባው ላይ አትርጪ፤ የጎረቤትሽ ንቦች ከዚያ ይቀስማሉ።

የካቲት ላይ ሐምራዊው ቡቃያ ሲያወጣ አሮጌውን ግንድ ዝቅ አድርገሽ ቁረጪ። አዲሱ ቡቃያ ሲረዝም ደግሞ አበባ ያልያዘውን ከአንጓው ሥር ቆርጠሽ በጣሳ አሸዋ ላይ ትከይ። ሥር ሲሰድ አንዱን ለእኔ ላኪልኝ፤ እኔ ዘንድ ያለው ቀዩ ብቻ ነው።