መጀመሪያ ጠያቂውን እወቁ

ልጆቼ፣ እዚህ ጂቡቲ ከምኒልክ አደባባይ ሻይ ቤቶች እስከ ባልባላ፣ ከዚያም አልፎ ከባድ መኪኖች ተራ እስከሚጠብቁበት እስከ ፔካ 12 ድረስ ስልኩን ወደ ፊቱ አዙሮ የማያወራ ወጣት ማግኘት እየቸገረ መጥቷል። እኩዮቼ ይህን ሲያዩ ሥራ ፈትነት ነው ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። ቡና አፍልታችሁ፣ ፀጉር ቆርጣችሁ፣ በሰው ቤት ተቀጥራችሁ፣ በረዳትነት መኪና ላይ አድራችሁ የምትኖሩ ልጆች ያለ ስቱዲዮና ያለ አለቃ ድምፃችሁን የምታሰሙበት መንገድ አግኝታችኋል። የምመክራችሁ እንድትተዉት ሳይሆን እንዳትባክኑበት ነው።

ቻናል የከፈተ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ስልክ እንደሚሻልና በሳምንት ስንት ጊዜ መልቀቅ እንዳለበት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይህን ቪዲዮ የሚጠብቀው ማን ነው? ዕድሜዬን በትራንዚት ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ተቀባዩ ያልታወቀ ኮንቴይነር የቱንም ያህል ውድ ዕቃ ቢይዝ ወደብ ላይ ተገትሮ የመዘግየት ክፍያ (ዲመሬጅ) ይቆጥራል እንጂ ሞጆ ደረቅ ወደብ አይደርስም። ተቀባይ የሌለው ቪዲዮም ዕጣው ይኸው ነው። "ለሁሉም ሰው" ተብሎ የተሠራ ቪዲዮ ማንም የእኔ ነው ብሎ አያነሳውም። ስለዚህ የምክሬ ሁሉ ጭብጥ አንድ ነው፤ ትንሽ ቻናል የሚያድገው የአንድን ሰው አንድ ጥያቄ በአንድ አጭር ቪዲዮ በትክክል ሲመልስ ነው።

አጭርና ተራ መሆን አያሳፍራችሁ። ሲኒማ ራሱ አጭር ሆኖ ነው የተወለደው። የሉሚዬር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ትኬት ለቆረጠ ተመልካች ያሳዩአቸው ፊልሞች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ አትክልተኛ በራሱ የውኃ ጎማ ሲረጥብ ይታያል፣ አለቀ። ዩቲዩብ ላይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 መጀመሪያ የተጫነው ቪዲዮም 19 ሰከንድ ብቻ ነው። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ጃዌድ ካሪም ሳንዲያጎ መካነ አራዊት ውስጥ ዝሆኖች ፊት ቆሞ ኩምቢያቸው ረጅም መሆኑን ይናገራል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ለእናንተ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የካቢ ላሜ ታሪክ ነው። ሴኔጋል ተወልዶ ጣሊያን ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ከፋብሪካ ሥራው ተሰናበተና ቤቱ ቁጭ ብሎ ቪዲዮ መሥራት ጀመረ። ሌሎች ቀላሉን ነገር እያወሳሰቡ የሚያሳዩትን ያነሳና አንድ ቃል ሳይናገር ቀላሉን መንገድ አሳይቶ እጁን ይዘረጋል። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በቲክቶክ ከዓለም ሁሉ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ሆነ። ያለ ንግግር መሥራቱ የሚጠቅማችሁ ይህች ከተማ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በአማርኛ የምትናገር ስለሆነች ነው። እጃችሁ የሚናገር ከሆነ የጎረቤታችሁ ልጅም አስተርጓሚ ሳይፈልግ ያያችኋል።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ "ፀሐይ መማር ትወዳለች" የሚለውን የልጆች ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስትጀምር ዋና ተዋናይዋ በእጅ የምትንቀሳቀስ የቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች። ያቀደችው ለተወሰነ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በራሱ ቋንቋ የሚያስተምረው ላጣ ሕፃን። ዝግጅቱ ኋላ በውጭ አገር ሳይቀር የተሸለመው ለዚያ ሕፃን በትክክል ስለደረሰ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ወጪና ገቢ ንግድ የሚያልፈው እናንተ በምትኖሩበት ከተማ ነው። አዲስ አበባ ያለ ባለ ቻናል የማያውቀውን እናንተ በየቀኑ ትሠሩታላችሁ። ረዳት የሆንከው ልጅ፣ የመንገዱ ነፋስ እንዳይገነጥለው ሸራ እንዴት ተወጥሮ እንደሚታሰር፣ ከጋላፊ ወዲህ ሙቀቱ ሲበረታ ጎማ እንዴት እንደሚፈተሽ በአርባ ሰከንድ አሳይ። ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጂቡቲ የሚወርደው ረዳት ይህን ይፈልገዋል። እንጀራ የምትጋግሪው ልጅ፣ ደጋ ላይ ቀናት የሚወስደው ሊጥ እዚህ በሙቀቱ ወራት ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ታውቂያለሽ፤ መቼ እንደምታቦኪው፣ የት እንደምታስቀምጪው፣ መድረሱን በምን እንደምታውቂ ንገሪን። ከጂቡቲ አልፎ ዱባይም ሆነ ካርቱም ሙቀት ውስጥ የምትጋግር እህትሽ ያንን ቪዲዮ ለጓደኛዋ ትልክላታለች።

ፀጉር ቆራጭ የሆንከው፣ ከደንበኛ የተማርካቸውን አምስት የሶማሊኛና አምስት የፈረንሳይኛ ቃላት ለአዲስ መጪ አስተምር። ገበያ ገብቶ "ዋ ኢሚሳ?" ወይም "ኮምቢያን?" ብሎ ዋጋ መጠየቅ የማይችል ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ ደርሶብህ ታውቀዋለህ። ሱቅ የምትጠብቂው፣ የጂቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ የተተከለ መሆኑን፣ የሚዋዥቀው ብሩ መሆኑን አስረጂ። ወላጅ ቤት ያለ ሰው የልጁ ደመወዝ በብር ሲመነዘር ለምን እንደሚለዋወጥ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የጥቁር ገበያ ዋጋ ማስተዋወቅ ውስጥ ግን አትግቢ፤ እሱ ከዕውቀት ወጥቶ ወንጀል ይሆናል። የአሳልን ሐይቅ ነጭ ጨው ሁሉም ሰው አንስቶታል፤ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለ ቦታ ነውና ቢነሳም አይፈረድም። የእናንተን ሊጥና የእናንተን ሸራ ግን ከእናንተ በቀር የሚያነሳው የለም።

ስለ አሠራሩም ልበል። ውጤቱን መጀመሪያ አሳዩ፤ የታሰረውን ሸራ፣ ዓይን ያወጣውን እንጀራ። "ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ" እያላችሁ ግማሽ ደቂቃ ከወሰዳችሁ ተመልካቹ በጣቱ ገፍቶ ሄዷል። ሰላምታ ባህላችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ብታደርጉት ማንም አይቀየማችሁም። ሁለት ጉዳይ ከመጣላችሁ ሁለት ቪዲዮ አድርጉት። ርዕሱን ጠያቂው በሚናገረው ቃል ጻፉት፤ "ሊጤ ቶሎ ኮመጠጠብኝ፣ ምን ላድርግ?" የሚለው "አስገራሚ የእንጀራ ምሥጢር" ከሚለው ይሻላል። ሰው ፍለጋ ውስጥ የሚጽፈው ችግሩን ነውና።

ምስል ቢደበዝዝ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ቢበላሽ ግን አይታገሥም። በሙቀቱ ወራት ካምሲን ሲነፍስ ውጭ አትቅረጹ፤ ስልኩ የሚይዘው ነፋሱን ብቻ ነው። በቀኑ ፀሐይ ስልክ ግሎ ይጠፋል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ከተማውም ገና ጸጥ ያለ ነው። በእረፍት ቀናችሁ ሦስት አራቱን በአንድ ጊዜ ቅረጹና በሳምንቱ ውስጥ እያከፋፈላችሁ ልቀቁ። የምትወዱትን ዘፈን ከሥር አትጨምሩ፤ ባለመብቱ ጥያቄ ሲያነሳ ገቢው ለእሱ ሊሄድ ወይም ቪዲዮው ሊታገድ ይችላል። የምጣዱ ድምፅ፣ የመቀሱ ድምፅ ይበቃል።

ስለ ዳታ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከባሕር ሥር የሚመጡት የኢንተርኔት ገመዶች በዚህች ከተማ ዳርቻ ይወጣሉ፤ የእኛ ኪስ ግን ለእያንዳንዱ ጊጋባይት ያስባል። ደሴ ወይም ወልድያ ሆኖ የሚያያችሁም ካርድ ሞልቶ ነው። በአንድ ደቂቃ የሚያልቀውን አሥር ደቂቃ ማድረግ የተመልካችን ገንዘብ ማባከን መሆኑን አስቡ። ማሳጠር ጨዋነትም ነው።

ስለ ቁጥር ስናወራ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለውን አትርሱ። እርስ በርስ "ሰብስክራይብ አድርገኝ፣ አደርግሃለሁ" መባባል፣ ተከታይ በገንዘብ መግዛት ቻናሉን ያቆረቁዘዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዩቲዩብም ሆነ ቲክቶክ፣ መድረኩ አዲስ ቪዲዮ ሲወጣ ለጥቂት ሰዎች ያቀርብና እነሱ እስከ መጨረሻው ማየታቸውን ወይም መዝለላቸውን ይመለከታል። በውለታ የገባ ተከታይ አያይም፣ ይዘላል፤ መድረኩም "ይህን ማንም አይፈልገውም" ብሎ ያስቀረዋል። ስለዚህ የተመልካችን ብዛት ሳይሆን እስከ መጨረሻ ያየውን ሰው ድርሻ ተመልከቱ። ሰዉ የሚወጣበትን ሰከንድ ፈልጉና በሚቀጥለው ቪዲዮ እዚያ ቦታ ላይ የነበረውን ወሬ ቁረጡት። አስተያየት ላይ የሚጻፍ ጥያቄ ደግሞ የሚቀጥለው ቪዲዮ ርዕስ ነው፤ ጠያቂው በራሱ እግር መጥቷልና አትለፉት።

ገንዘቡንም ሳልሸሽግ ልንገራችሁ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ የሚያካፍለው 1,000 ተከታይ ኖሮት፣ ወይ በአንድ ዓመት ውስጥ በረጃጅም ቪዲዮዎቹ 4,000 የዕይታ ሰዓት፣ ወይ በ90 ቀን ውስጥ በአጫጭር ቪዲዮዎቹ 10 ሚሊዮን ዕይታ ላገኘ ቻናል ነው። አጫጭሮቹ በሚታዩበት ሾርትስ ላይ የተገኘ ዕይታ በሰዓቱ አይቆጠርም። የምትኖሩበት አገር በፕሮግራሙ ውስጥ መካተቱንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ በቻናል ተማምኖ ሥራውን የሚለቅ ልጅ እንዳይኖር ነው። ለትንሽ ቻናል የሚቀርበው ገቢ ከሥራው በኩል የሚመጣው ነው፤ እንጀራሽን ያየች ሴት ታዝዝሻለች፣ አቆራረጥህን ያየ ወጣት ወንበርህ ላይ ይቀመጣል።

አሁን በብርቱ የምናገረውን ስሙኝ። ይህች ከተማ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያንና የቻይና ወታደሮች የሰፈሩባት ናት። የአሜሪካ ጦር ያለበት ካምፕ ሌሞኒዬ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር የተጎራበተ ነው። ካሜራችሁን ወደ ጦር ሰፈር፣ ወደ ወደብ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ፖሊስ አታዙሩ። "አላወቅሁም ነበር" የሚለው መልስ ስልክም ሥራም አያስመልስም። የሙስሊም አገር እንግዶች መሆናችሁን አትርሱ፤ ገበያ ላይ የተቀመጠችን ሴት ሳታስፈቅዱ አትቅረጹ። በሰው ቤት የምትሠሩ፣ የአሠሪያችሁ ሳሎንና ልጆች የእናንተ ይዘት አይደሉም። ወረቀት የሌለውን ወገን ፊት ማሳየት ለሚያሳድደው ማስረከብ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግም አለ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ከበድ ያደርገዋል። ቻናላችሁ ባደገ ቁጥር ቃላችሁም ይከብዳል። የመንገድ መዘጋት፣ የግጭት፣ የሞት ወሬ በእጃችሁ ሲገባ ካላረጋገጣችሁ ተዉት፤ መልስ እንድትሰጡበት የምታውቁት ነገር ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የውሸት ድሎት ነው። የሰው መኪና ላይ ተደግፎ፣ የሆቴል መዋኛ ዳር ቆሞ "ሕይወት በጂቡቲ" የሚል ቪዲዮ መልቀቅ ቀላል ነው፣ ብዙ ዕይታም ያመጣል። ያን ቪዲዮ ማን እንደሚጠብቀው ግን አስቡ። ወሎ ገጠር ውስጥ ትምህርቱን ያቋረጠ፣ ደላላ ደጁ ላይ የቆመበት ልጅ ነው። በበረሃ በእግር ወደ ኦቦክ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን የሚሄዱትን በዓይናችሁ ታዩአቸዋላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ በዚያ ባሕር ዳርቻ ጀልባዎች እየሰጠሙ በርካታ ወገኖቻችን አልቀዋል። የእናንተ የሐሰት ድሎት ለአንድ ልጅ የመነሻ ምክንያት ከሆነ የሚያመጣው ዕይታ ሁሉ ያንን አያካክሰውም። የቤት ኪራያችሁን፣ ሙቀቱን፣ ናፍቆቱን፣ የሚገኘውን ደመወዝ በልኩ ተናገሩ። እንዲህ ያለ ቻናል ቀስ ብሎ ያድጋል፤ የተከተላችሁ ሰው ግን በሌላ ጉዳይም ያምናችኋል።

እንግዲህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት ሰዎች ስለ ሥራችሁ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከተማው የጠየቋችሁን አሥር ጥያቄ በወረቀት ጻፉ። ከመካከላቸው ሦስቱን፣ በደንብ የምትመልሷቸውን ምረጡ። እያንዳንዱን ከአንድ ደቂቃ ባልበለጠ ቪዲዮ መልሱና ከመልቀቃችሁ በፊት ለጠየቃችሁ ሰው ብቻ ላኩለት። "ገባኝ" ካለ ልቀቁት። "እና ከዚያስ?" ካለ ገና አልመለሳችሁምና ድገሙት። ሰባቱ ጥያቄ ደግሞ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ተርፎላችኋል። እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ፣ ከክፉ ወሬና ከክፉ መንገድ ይጠብቃችሁ።