የግዴታ ወሰን፦ ከዐሣማ ቆዳ የተሠራ መረብና የአማኝ ሆድ

በጥይት፣ በስለት ወይም በመኪና አደጋ ሆዱ ክፉኛ የተጎዳን ሰው ለማትረፍ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና አንዳንድ ጊዜ ሆን ተብሎ ሳይፈጸም ይቋረጣል። ብዙ ደም የፈሰሰው ታካሚ ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ፣ ደሙ ወደ አሲድነት ሲያዘነብልና የመርጋት አቅሙን ሲያጣ፣ ሦስቱ እርስ በርስ እየተባባሱ ስለሚገድሉት ሐኪሙ የሚደማውን በጨርቅ አፍኖ፣ የተበሳውን አንጀት ዘግቶ፣ ሆዱን በጊዜያዊ መሸፈኛ ሸፍኖ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይልከዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ሐኪም ሃርላን ስቶን ያስተዋወቀው ይህ አሠራር በ1993 በማይክል ሮቶንዶና በባልደረቦቹ ጽሑፍ «ጉዳትን መግታት» የሚል ስያሜ ይዞ ተስፋፋ። ሆኖም ሆዱ በወቅቱ ሊዘጋ ካልቻለ ጡንቻዎቹ ተራርቀው ይቀሩና አንጀት ከቆዳ ሥር የሚገፋበት ሰፊ ሄርኒያ ይፈጠራል፤ ጥገናውም ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት እንዲዘገይ ይደረጋል።

የሃይማኖቱ ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ጥገና ላይ ነው። የሆድን ግድግዳ ለማጠናከር የሚሰፋው መረብ ከፖሊፕሮፒሊን፣ ማለትም ከሰው ሠራሽ ክር፣ ሊሠራ ይችላል፤ ወይም ሕዋሳቱ ተወግደው ኮላጅን የተባለው የፕሮቲን ድር ብቻ ከቀረለት የእንስሳ ቆዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዐሣማ ቆዳ፣ ይዘጋጃል። ዐሣማን የማይበላ አማኝ ይህን በገላው ሊሸከም ይገባዋልን?

በአይሁድ ሕግ ክልከላው በመብላት ላይ ስለሆነ ለሕክምና መጠቀም ብዙ አያከራክርም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 የለየውን ሥርዓት በምግቧ የምትጠብቀው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመንም መረቡ ምግብ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ነገር ግን ያው ምዕራፍ በድናቸውን መንካትንም ስለሚከለክል ኅሊናው ቢያመነታ ሊናቅ አይገባውም። በእስልምና ክርክሩ ይበልጥ ይጠልቃል። አንዳንድ ሊቃውንት ነገሩ ባሕርዩ ፈጽሞ ከተለወጠ ፍርዱም ይለወጣል ይላሉ፤ ይህም ኢስቲሃላ ይባላል፤ ግን ሕዋሱ የታጠበ ቆዳ በእርግጥ ሌላ ነገር ሆኗል ማለት ያስቸግራል። ሌሎች ደግሞ በደሩራ፣ የተከለከለውን በሚፈቅደው ጽኑ ግዴታ፣ ይመሠርቱታል፤ ግዴታ ግን በልኩ ይመዘናል፤ የተፈቀደ ምትክ ካለም ይቀራል።

ወሳኙ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። የእንስሳ መረብ በሰፊው የተወደሰው በጀርም በተበከለ ቁስል ላይ ሰው ሠራሹ ይመረቅዛል ተብሎ ስለተሰጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ጃማ ሰርጀሪ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ በ253 ታካሚዎች ላይ የተደረገ የንጽጽር ጥናት ግን ሁለቱ በደኅንነት እንደሚቀራረቡ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሄርኒያው የተመለሰባቸው ግን የእንስሳው መረብ ከተሰፋላቸው 20.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሹ 5.6 በመቶ እንደሆኑ አሳየ። ስለዚህ የሕክምናው ማስረጃ ሲለወጥ የግዴታው ክርክርም መለወጥ አለበት፤ የሃይማኖት ሊቅ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በፊት በነበረ የሕክምና ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ቢፈርድ ፍርዱ ከመሠረቱ ይናጋል።

ራሱን ስቶ የገባን ቁስለኛ ማንም ሳይጠይቅ ማዳን ይገባል፤ የዚያች ሰዓት ግዴታ እውነተኛ ነው። ከወራት በኋላ ለጥገና ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ግን ነቅቷል፣ ይናገራል፣ የንስሐ አባቱን ወይም ኢማሙን ለማማከርም ጊዜ አለው። በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የፈቃዱ ወረቀት በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ መረቡ ከምን እንደተሠራ ሳይገልጽ ሊያልፍ ይችላልና፣ ሐኪሙ ሳይጠየቅ የመናገር ግዴታ አለበት። ከተሰፋ በኋላ የታካሚው የገዛ ሕዋሳት ወደ ኮላጅኑ ድር እየገቡ ከሥጋው ጋር ያዋሕዱታል፤ ያንን ለማውጣት ሆዱን እንደገና ከፍቶ አንጀቱን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሚያስፈልግ፣ እምቢ የማለት መብት ዋጋ የሚኖረው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ብቻ ነው።