ስለ መጐምጀት



በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 ከሕዝቡ አንድ ሰው ወደ ጌታችን ቀርቦ፣ ወንድሙ ርስቱን ያካፍለው ዘንድ እንዲነግርለት ለመነ። ልመናው የፍርድ ልመና ነው፤ ምናልባትም የተበደለው እርሱ ራሱ ነበረ። ጌታ ግን ዳኛ ሊሆንለት አልወደደም፤ በዚያ የቆሙትን ሁሉ ከመጐምጀት እንዲጠበቁ አስጠነቀቃቸው።

መጐምጀት በአማርኛችን የአፍና የሆድ ቃል ነው። የሌላውን ማዕድ አይቶ ምራቁን የሚውጥ ሰው ጐመጀ ይባላል። ወንጌላዊው በግሪክ ቋንቋ የጻፈው ቃል ግን ፕሌኦኔክሲያ ነው። ይህም ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ ፕሌኦን «የሚበልጥ»፣ ኤኬይን ደግሞ «መያዝ» ማለት ነው። እንግዲህ አብልጦ መያዝ ነው። ምን ያህል አብልጦ? ቃሉ ወሰን የለውም። ስለዚህ ባለ ብዙ ጎተራው ብቻ ሳይሆን አንድ ጥማድ በሬ ያለውም በዚህ ቃል ሊያዝ ይችላል። ከጌታ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አፍላጦን ስለ ፍትሕ ሲጽፍ፣ ከድርሻው አልፎ የባልንጀራውን የሚሻውን ሰው በዚሁ ቃል ገልጦታል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ይህን ኃጢአት ጣዖት ማምለክ ብሎ ጠራው። ማርቲን ሉተርም በ1529 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በትልቁ ካቴኪዝም የፊተኛውን ትእዛዝ ሲተረጕም፣ በምድር ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚመለከው ጣዖት ገንዘብ መሆኑን አስተማረ።

እኛን የነካን ግን ሌላ ስፍራ ነው። ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 12፣ ከዚሁ ቃል የወጣውን ግሥ ወስዶ በገዛ ራሱና በላካቸው አገልጋዮች ላይ ጥያቄ አደረገው፤ ከእናንተ የማይገባንን ወስደናልን? ይላቸዋል። እንዲህ ብሎ ምእመናኑን የሚጠይቅ ሰባኪ ብዙ አይገኝም።

በአንድ ወቅት ሁለት ወንድማማች በአባታቸው እርሻ ወሰን ተጣልተው ለሽምግልና ተቀመጥን። እነርሱ ሲናገሩ እኛ በልባችን የማንኛቸው መባ እንደሚበልጥ እንቈጥር ነበር። የወሰኑ ድንጋይም ወደ ታናሹ እርሻ ጥቂት ክንድ ገባ። ታናሹ አንድ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ሄደ። ከቤቱ ደርሰን ይቅርታ የለመንነው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው፤ እርሱም ይቅር ብሎናል። ድንጋዩ ግን ገና ከስፍራው አልተነሣም።