ስለ ቃል ትክክለኛነትና ስለ ኅሊና እውነት

የእንግሊዝኛ ሰዋስው «ዩ» የሚለው ተውላጠ ስም ለአንድ ሰው ሲነገርም ለብዙዎች ሲነገርም «አር» ከሚለው ግስ ጋር እንዲሄድ ስለሚያዝ፣ ይህን የሚጽፍ ተማሪ ዛሬ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አያገኝም፤ ነገር ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ ለአንድ ሰው የብዙ ቃል መስጠት በእግዚአብሔር ፊት ሐሰት ነው ብለው ስለዚሁ ተውላጠ ስም ስድብና ዱላ የታገሡ ምእመናን ነበሩ።

እነዚህም ጆርጅ ፎክስ ያስተማራቸው ኩዌከሮች ናቸው። የጥንቱ እንግሊዝኛ አንዱን «ዛው አርት»፣ ብዙዎቹን «ዪ አር» ይል ነበር፤ በኋላ ግን መኳንንትን በብዙ ቁጥር ማክበር ልማድ ሆኖ፣ የብዙው ቃል «ዩ» ለጌታው፣ የነጠላው «ዛው» ለአገልጋዩ ተመደበ። ፈጣሪውን በጸሎት «ዛው» የሚል ሰው ለራሱ ከዚያ የከበረ ቃል መሻቱ ውዳሴ ከንቱ ነው በማለት፣ ኩዌከሮቹ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቃል ጠሩ። ኋላ ለዓይነ ስውሩ ባለቅኔ ለጆን ሚልተን መጻሕፍት ያነብ የነበረው ቶማስ ኤልውድ፣ በወጣትነቱ አባቱን እንዲሁ ስለ ጠራ በአባቱ እጅ ተደብድቧል።

ፎክስ ከጆን ስተብስና ከቤንጃሚን ፈርሊ ጋር በ1660 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያሳተመው መጽሐፍ፣ የነጠላንና የብዙን ልዩነት ለማስረዳት ዕብራይስጥን፣ ጽርዕን፣ ሱርስትን፣ ዓረብኛን፣ የእኛንም ግእዝ ለምስክርነት ይጠራል። ግእዝ በእርግጥ ለዚህ ነገር የታመነ ምስክር ነው፤ ንጉሡንም ድኻውንም አምላክንም «አንተ» ይላልና። ነገር ግን አባቱን «አንቱ» ብሎ ግሱን በብዙ ቁጥር መልክ የሚያረባ አማርኛ ተናጋሪ አባቱ አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል፤ አባትየውም ያውቃል፤ የሚሰማው ጎረቤትም ያውቃል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ሐሰትን ከማታለል ፈቃድ ጋር አያይዞ መርምሮታል፤ እኔም ማንም ሊታለል ባልታሰበበትና ባልታለለበት ንግግር ውስጥ ሐሰት የሚያድርበትን ስፍራ አላገኝም።

ፎክስ እውነትን በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ፈለጋት፤ ቅርጽ ግን ተናጋሪዎች እርስ በርሳቸው የተቀበሉት ሥርዓት ስለሆነ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይለወጣል። የእርሱ ተከታዮች ልጆች ራሳቸው ከጊዜ በኋላ «ዛው አርት» ማለትን ትተው «ዚ ኢዝ» አሉ፤ የ«ዛው» ተሳቢ የሆነውን «ዚ»ን በባለቤት ስፍራ አቁመው የሦስተኛ መደብ ግስ ሰጡት፤ ይህም በሊቃውንቱም በአባቶቻቸውም ሕግ ስሕተት ነበረ። ሆኖም በየቤታቸው በፍቅር ሲነጋገሩበት ኖረዋል፤ ስለዚህ ሐሰተኞች ናቸው ያላቸው አልተሰማም።

ይህን ስል ግን የፎክስን ቅንዓት አላቃልልም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚገሥጸው ለሰው ፊት ማድላት በአንዲት ተውላጠ ስም ውስጥ ተሸሽጎ መኖሩን ያየ፣ ድኻው የሚጠራበትን ቃል ለራሱ እንደ ስድብ የሚቈጥረውን ባለጸጋ ፊት ለፊት የገሠጸ ሰው ነውና። እንግሊዞችም በመጨረሻ ሰውን ሁሉ በአንድ ቃል መጥራትን ተቀበሉ፤ ያ ቃል ግን ፎክስ የመረጠው «ዛው» ሳይሆን የተቃወመው «ዩ» ሆነ።

እንግዲህ እናንተ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ወገኖቼ ሆይ፣ «ዩ ኢዝ» ብሎ የጻፈውን ልጅ ማረማችሁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የተላለፈው የተናጋሪዎችን ልማድ እንጂ የእግዚአብሔርን ሕግ አለመሆኑን ንገሩት፤ ስለዚህም አታሳፍሩት።